አብ ሲባል የምትነሣ እጅ

«ድምፅ አለህ አሉ» አሉኝ የቀበሌው ሊቀ መንበር።

ከዚህ የቀደመ ጥያቄ ጠይቀውኝ እንደ ነበር አላስታውስም። ስሜንና የት እንደ ተማርኩ መጠየቃቸው ባይቀርም፣ በአእምሮዬ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ ከመመረጣቸው በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከተመረጡም በኋላ የልኬት ሜትራቸውን ከአንገታቸው አላወረዱም። ሲያስቡ ጫፉን በጣታቸው ላይ ይጠቀልሉታል፤ ሲደነግጡ ወይም ሲቆጡ ይለቁታል።

«ድቁና ተቀብዬ ነበር» አልኩ፤ ወዲያውም የተናገርኩትን መልሼ ብውጠው ወደድኩ።

«አልሰማሁም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ። «እኔ የጠየቅሁህ ድምፅ አለህ ወይ ብዬ ነው።»

«አለኝ።»

«በቃ። ከሰኞ ጀምር።»

የመጀመሪያ ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። የተወለድኩት ዳባት ነው። ደባርቅ የመጣሁት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲሆን፣ የማድረው ከአክስቴ ቤት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳያበቃኝ ቀርቶ፣ ዳግመኛ ለመፈተን በመጠባበቅ ላይ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ መልሻለሁ፤ ኋላ ላይ ሙያዬ ያደረግሁት የሰዎችን ምስክርነት መመርመር ስለሆነ፣ ያላረጋገጥሁትን ቀን በወረቀት ላይ ማኖር ይከብደኛል። ወሩ ጥር እንደ ነበር ግን አምናለሁ፤ ጥምቀት አልፎ፣ ገብሱ እየተወቃ፣ ነፋሱ ጭዱን በየአጥሩ ሥር ሲያከማች ይታየኛል። ሆኖም በዚያው ትዝታ ውስጥ በረዶ የምሠራበትን የሕፃናት መዋያ ቆርቆሮ ሲደበድብና ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ሲስቁ እሰማለሁ። ጥር ላይ እንዲህ ያለ በረዶ አይጥልም። ስለዚህ ወይ ወሩን ወይ በረዶውን ተሳስቻለሁ።

መዋያው ቀበሌው ከአንድ ባላባት የወረሰው ቤት ነበር። ሥራዬም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ከሚለቀቁበት ጊዜ አንሥቶ ወላጆቻቸው ከገበያና ከአውድማ እስኪመለሱ ድረስ ማዋል፣ የቤት ሥራቸውን ማየትና መዝሙር ማስተማር ነበር። የመዝሙሩ ነገር ከሁሉ ይበልጥ የተፈለገው መዋያው በቅርቡ ሊመረቅ ስለ ነበር ነው። ለምረቃው ከጎንደር አንድ ከፍተኛ እንግዳ ይመጣል፤ ልጆቹም በፊቱ ይዘምራሉ።

ሊቀ መንበሩ በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ሰብስበው «ይህ ጓድ ነው፤ ጓድ ብላችሁ ትጠሩታላችሁ» ብለው አስተዋወቁኝ። ልጆቹ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያስተምራቸውን ሰው የሚጠሩበት ሌላ ቃል ነበራቸው። ሁለቱን አጋጩና መጨረሻ ላይ «ጓድ የኔታ» አሉኝ። የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ነገር የማያልፈው አንድ ልጅ ደግሞ «ጓድ የኔታ፣ አርጩሜዎ የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለኝም» አልኩት።

«እንግዲያው የኔታ አይደሉም፤ ጓድ ብቻ ነዎት» አለ፣ በጣም አዝኖልኝ።

እውነተኛው የኔታ ከመዋያው ብዙም በማይርቀው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ነበር የሚያስተምሩት። ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር የምትመራቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ሰባት ዓመት ቢሞላት ነው። ልጆቹ ጧት ከፀሐይ ጋር ከእርሳቸው ዘንድ ፊደልና ዳዊት ይማራሉ፤ ቀን ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ይመጣሉ። አንድ ልጅ በአንድ ቀን በሦስት እጅ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ሦስቱም እጆች የሚጽፉበት ያው አንድ ሰሌዳ መሆኑን ግን ያኔ አላሰብኩትም።

የምረቃው መዝሙር ከላይ ተዘጋጅቶ በወረቀት የመጣ ነበር። የመጀመሪያው ስንኝ እንዲህ ይላል፦ «አብዮት እናታችን፣ አብዮት ብርሃናችን»። ዜማው ለሰልፍ የተሠራ፣ እግር የሚያስመታ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ዘመርኩላቸው፤ ተቀበሉኝ። ሲቀበሉኝ ግን ሰልፉ ቀርቶ ማሕሌት ሆነ። ከጥዱ ሥር ከተማሩት ሌላ አዘማመር አያውቁምና የመጀመሪያዋን ፊደል ጎተቷት፤ «አ—ብ» ብለው በረጅሙ ያዙና ትንፋሽ ወስደው «ዮት» አሉ። በዚያች ትንፋሽ መካከል፣ ከፊት መደዳ የቆመችው የየኔታ የልጅ ልጅ ቀኝ እጇን ወደ ግንባሯ አነሣችና አማተበች። አጠገቧ ያለው ተከተላት። ከዚያ ሁሉም።

ቀልድ አልነበረም። እነዚህ ልጆች መናገር ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ «በስመ አብ» ሲባል እጅ ይነሣል፤ ጆሮ «አብን» ከሰማ እጅ ፈቃድ አይጠይቅም።

«ለምንድን ነው የምታማትቡት?» አልኩ።

ልጅቱ በጥያቄዬ ተገርማ አየችኝ። «አብ አሉ እኮ።»

«አብ አላልኩም። አብዮት ነው ያልኩት።»

እሷም ጥቂት አሰበችና፣ ከዚያ በኋላ በብዙ ጉባኤ ላይ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደኝን ጠየቀችኝ፦ «ጓድ የኔታ፣ አብ እንዴት እናታችን ይሆናል?»

ጥርሰ ወላቃው ልጅ ቀደመኝ። «ዝም በይ አንቺ! ጓድ አልተማሩትም» አላት።

ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሊቀ መንበሩ ልምምዱን ሊያዩ መጡ። ከበሩ ላይ ቆመው የመጀመሪያውን ስንኝ ሰሙ፤ እጆቹም ሲነሡ አዩ። ልጆቹን ወደ ሜዳው አስወጡና በሩን ዘጉ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይህ ሰልፍ ነው ወይስ ቀብር? አብዮቱን ፈትተህ ቀበርኸው እኮ!»

አፈርኩ፤ ጥቂትም ሳቅ መጣብኝ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። የሜትራቸውን ጫፍ በጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ደግሞ ጠቀለሉት።

«አሁን የምነግርህን አስተውል» አሉ። «በምረቃው ቀን አንድ ልጅ ቢያማትብ እንግዳው ማን አስተማራቸው ብሎ ይጠይቃል። የምትጠየቀው አንተ አይደለህም። አንተ ትናንት የመጣህ ነህ። የሚጠየቁት የኔታ ናቸው። አምና ያለ ፈቃድ ማስተማር የለብዎትም ተብለው ተጠርተው፣ ፊደል ብቻ ነው የሚያስቆጥሩት ብዬ ያዳንኳቸው እኔ ነኝ። ሁለተኛ የማድንበት አፍ የለኝም። ወደ ጎንደር ነው የሚወስዷቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ጎንደር እስር ቤት የገባ አይወጣም።»

«ቃሉን ብንለውጠውስ?»

«ከላይ የመጣ ቃል ነው። ልብስ ቢሆን አሳጥሬ እሰጥህ ነበር፤ ይህንን የሚያሳጥር መቀስ ግን የለኝም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት እነዚያ ትንንሽ እጆች እንዳይነሡ ነው። ዜማውን አፈጠንኩት፤ ልጆቹ መልሰው ጎተቱት። በጭብጨባ አደረግሁት፤ እስከ «አብ» ድረስ ያጨበጭቡና እዚያ ሲደርሱ ጭብጨባው ይቋረጣል። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ አልኳቸው፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ አንዷ እጅ ታመልጣለች። በመጨረሻም ለየልጁ በቀኝ እጁ የሚይዛት የወረቀት ባንዲራ ተሠራለት። ይህን ዘዴ ያመነጨሁት እኔ ነኝ ብዬ ለብዙ ዓመታት አስብ ነበር፤ ወረቀቱን በልብስ ሰፊ እጃቸው የቆረጡት ሊቀ መንበሩ መሆናቸውን ሳስብ ግን ሐሳቡም የእርሳቸው ሳይሆን አልቀረም። እጅ ሲሞላ ይረሳል ብለን ነበር። አልረሳም። ልጅቱ ባንዲራዋን እንደ ያዘች ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ሁለት ትከሻዋን ነካች፤ ሌሎቹም እንደ እሷ አደረጉ። እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ከሩቅ የሚታይ ሆነ።

ሌላ መንገድ ስላልቀረኝ ወደ የኔታ ሄድኩ። ከጥዱ ሥር በድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች።

«እንደምን ዋሉ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቆይ፤ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «የመዋያው ልጅ ነህ። ከጌቶች ቤት ወረሳችሁ፣ መሬት ወረሳችሁ፤ ከእኔ ደግሞ የምትወርሱት ቢታጣ ከሰዓት በኋላዬን ወረሳችሁኝ። ተቀመጥ እስኪ።»

ተቀመጥኩ፤ ነገሩንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የልጅቱን ጥያቄ ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆኖባቸው ደረታቸውን ያዙ። «አብ እንዴት እናት ይሆናል አለች? ደግ ብላለች። አብን ሰምታ እጇ ያልተነሣ ከእኔ ዘንድ ወጥታ አታውቅም።»

«የኔታ፣ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ሳቃቸው ቆመ። «ማን አለህ?»

«ሊቀ መንበሩ። እንግዳው ካየ ወደ ጎንደር ነው የሚወስዱዎት አሉኝ።»

ጆሯቸውን ወደ ውጭ አዘነበሉ። ከቅጥሩ ውጭ የወቂዎች ድምፅ ይሰማ ነበር። «አንተስ ልጆቹን ምን አልካቸው?» አሉ በመጨረሻ።

«አታማትቡ አልኳቸው።»

«ሰሙህ?»

«አልሰሙኝም።»

«ተመስገን» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም «ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግህ?»

«እርስዎ ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ለአንድ ቀን ብቻ፤ እስኪመረቅ።»

«ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው ቃሌን እንደ ዳዊት ደገሙት። «እጅ እንዲነሣ ለማስተማር ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ታውቃለህ? አንተም ዲያቆን ነበርክ አሉ። እጅ እንዲወርድ ደግሞ እኔው በዚህ አፌ ላስተምር? አይሆንም ልጄ። ስለ እኔ ብለህ መምጣትህን ግን አልረሳብህም።» ልነሣ ስል ያዙኝ። «ማማተብ የምትጀምረው የእኔዋ ናት?»

«አዎን የኔታ።»

«እንዲያ ነው» አሉ።

ይህ የሆነው ከቅዳሜ በፊት ነው። ይህን የማረጋግጠው ቅዳሜ የደባርቅ ገበያ ስለሆነ ነው፤ ያን ቅዳሜ እንደ ወትሮው ደገኞቹ ከአምባራስና ከዚያም ወዲያ ከበየዳ ገብሳቸውን በበቅሎና በአህያ ጭነው ወርደው ነበር። እሑድ ጧት ወደ ቡይት ራስ የሚወጣውን መንገድ ይዘው ሲመለሱ፣ የኔታ በአንዲት በቅሎ ላይ ተቀምጠው፣ ልጅቱ ከፊታቸው ታቅፋ፣ አብረዋቸው ወጡ። አየኋቸው ብዬ ስናገር ኖሬአለሁ። ነጭ ጋቢያቸው ጉም ውስጥ ሲገባ፣ ልጅቱም ዞራ ስታይ ይታየኛል። አክስቴ ግን ያን ጧት ራሴን አሞኝ ተኝቼ እንደ ነበርና ወሬውን ያመጣችልኝ እሷ መሆኗን እስክትሞት ድረስ ትምል ነበር። ምናልባት ያየችው እሷ ናት፤ እኔ ያየሁት ንግግሯን ነው።

ሰኞ ልጆቹ ወደ መዋያው መጡ። ከየኔታ የተላከልኝን መልእክት ያደረሰኝ ጥርሰ ወላቃው ልጅ ነው። እጁን አጣምሮ፣ የኔታን እየመሰለ በወፍራም ድምፅ ተናገረ፦ «ለዚያ ለመዋያው ልጅ ንገሩት፤ እኔ ከሌለሁ የሚጠየቅ የለም፤ ልጆቹ ይዘምሩ።» ከዚያ በራሱ ድምፅ «ከዘመድ ሄደዋል በሉ ብለውናል» አለኝ።

«መቼ ነው የሚመለሱት?»

«አልነገሩንም» አለ፤ የሚቀልድበትም ነገር አላገኘም።

ሊቀ መንበሩ ሲሰሙ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ያን ሲያደርጉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አባቴንም ፊደል ያስቆጠሩት እኮ እርሳቸው ናቸው» አሉ። ከዚያም መልሰው አንገታቸው ላይ አድርገው ስለ ወንበር አቀማመጥ ይነግሩኝ ጀመር።

የምረቃው ቀን ነፋስ ነበረ። እንግዳው ወፈር ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲቀመጥ ቆቡን ጉልበቱ ላይ የሚያኖር ሰው ነው። ከጀርባው የከተማው ሕዝብ ቆሟል። እኔ ጀርባዬን ለእንግዳው፣ ፊቴን ለልጆቹ ሰጥቼ ቆምኩ። ከፊት መደዳ የየኔታ የልጅ ልጅ ትቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። ተጠጉና ሙሉት ብዬ ጧት አዝዤአቸው ነበር፤ አልሞሉትም። የአንድ ልጅ ስፋት ያለው ክፍተት፣ በግራና በቀኝ ባንዲራ እየተውለበለበበት፣ እንዳለ ቀረ።

የኔታ ሄደዋልና የሚጠየቅ እንደሌለ አውቅ ነበር። ቢሆንም ልጆች በፊቴ ነበሩ፤ ልጆችስ ወላጅ የላቸውም? እጄን አንሥቼ አስጀመርኳቸው። «አ—ብ» አሉ፤ እንደ ልማዳቸው በረጅሙ ያዙት። ትንፋሽ ወሰዱ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ የማስታውሰው የወረቀት ባንዲራዎቹን ድምፅ ብቻ ነው። «ዮት» አሉ። አንዲት እጅ አልተነሣችም። መዝሙሩ ከዳር እስከ ዳር ተዘመረ፤ እንግዳው አጨበጨበ፤ ሪባኑን ቆረጠ፤ ሄደ። ማንም አልተጠየቀም።

እኔም በመዋያው ሥራ ሌላ ዓመት ቆየሁ፤ ዳግመኛ ተፈትኜ አለፍኩና ከደባርቅ ወጣሁ። የኔታ አልተመለሱም። አምባራስ ላይ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ልጆች ሰብስበው ያስተምሩ እንደ ነበርና እዚያው እንዳረፉ ሰማሁ። ስለ ልጅቱ ያረጋገጥኩት ነገር የለም።

በልቤ የያዝኩት ይህ ነበር፦ ልጆቹ እጃቸውን ያወረዱት የየኔታን መሄድ አይተው ነው። ሽማግሌው በአፋቸው ሊያስተምሩት ያልወደዱትን መሄዳቸው አስተማረው። ይህን ሐሳብ ለብዙ ዘመን እንደ ድንጋይ ተሸክሜዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ ቀብር ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ የተሳፈርኩበት መኪና ሾፌር በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኝ ነበር። ፀጉሩ ገብስማ ነው። ዳባትን ስናልፍ አላስችል ብሎት ጠየቀኝ።

«ይቅርታ አባቴ፤ ጓድ የኔታ አይደሉም?»

እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው በምድር ላይ የቀረ አይመስለኝም ነበር። አፉን ከፍቶ ሲስቅ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ ያ ልጅ መሆኑን አወቅሁት። ስለ መዋያው፣ ስለ ሊቀ መንበሩ፣ ስለ የኔታ አወራን። ከዚያ በኋላ፣ ለዓመታት የያዝኩትን ላወርድ ፈልጌ፣ «ያን ቀን እጃችሁን ያላነሣችሁት የኔታ በመሄዳቸው አዝናችሁ ነው?» አልኩት።

«አላነሣችሁም?» አለ። «ማን አለዎት አላነሡም ብሎ?»

«አየሁ እንጂ። ፊት ለፊታችሁ ቆሜ ነበር።»

«አይ ጓድ የኔታ! እርስዎ ያን ጊዜ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። ስናይዎት እኮ ፈሩ ተባብለናል።» ማርሽ ለወጠ። «ባንዲራውን ወደ ግራ እጃችን አዛወርነው። ሁላችንም አማተብን። ለአብ አልነበረም፤ አብዮት ሌላ ነገር መሆኑስ ያን ጊዜ ገብቶን ነበር። የኔታ መንገድ ላይ ናቸው። መንገደኛ ሲሸኝ አይማተብም?»

«እንግዳውስ?»

«አጨበጨበ እንጂ ምን ይበል። የባንዲራ ሰላምታ መስሎት ይሆናል፤ ወይ እናቱ ትዝ ብላው ይሆናል፤ እኔ ምን አውቄ። ሊቀ መንበሩ ናቸው ሜትራቸውን የለቀቁት።»

ሁለት ምስክሮች ነን፤ አንዱ ያኔ ሕፃን፣ ሌላው አዋቂ። በተማርኩት ሥርዓት ብሄድ የአዋቂው ቃል ይቀድም ነበር። ይሁን እንጂ አዋቂው ፈርቶ ነበር፤ በዚያም ላይ በጥር በረዶ የሚያይ፣ ተኝቶ ሳለ መንገደኛ የሚሸኝ ሰው ነው።

ወደ ደባርቅ ስንገባ መንገዱ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ይታጠፋል። ጥዱ አሁንም አለ። ሾፌሩ ወሬውን አላቋረጠም፤ ስለ ነዳጅ እያወራኝ ነበር። መሪውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና በቀኝ እጁ አማተበ። መኪናው አልተነቃነቀም።